ነጩ መስመር

ከኮይምባቶር ዳር፣ ከባቡሩ ማዶ፣
ቆርቆሮው ሲጮኽ ነው፣ የሰኔ ዝናብ ወርዶ፣
ቬላዩዳም መጥቶ አንድ ዘንግ የጣለው
ከጫማዬ አጠገብ። «ያንቺው ነው» ነው ያለው።

የኔው ነበር፣ አዎ። እኔ ነኝ የሣልሁት፣
እኔ ነኝ «ይቅጠን!» ስል በቶርኖ ያስላጨሁት፣
ሦስት ኪሎ አራግፌ፣ ጣፋጭ ታድሎልኝ፣
ባለቤቱ ቆመው በሁለት እጅ ጨብጠውኝ።
አሁን ግን እንዲህ ነው፤ እንደታጠበ ጨርቅ
ተጨምቆ ተጣሞ፣ ካንገቱ እስከ ስንጥቅ።

ማሪሙቱ ትናንት፣ ሻይ ቅጠል ጭኖ ሞልቶ፣
ዘጠነኛው ኩርባ ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ
ፍሪሲዮን ሲለቅ፣ «ጓ!» አለ ከሥሩ።
ሞተሩ ይጮኻል፤ አይሰማም እግሩ።
ከጎማው ሥር ድንጋይ ወሽቆ አደረ፣
በጨለማ የዝሆን ኮቴ እየቈጠረ።
ወቀሳ ጠበቅሁኝ። እሱ አልወቀሰኝም፤
«ቅጠሉ ግን ጠቍሯል» አለ። ሌላ አልነገረኝም።

ወደ ወረቀቴ ተመለስሁ።
የሞተሩ ጉልበት፣ የማርሹ ብዜት፣ የዳገቱ ቁልቁለት፣
ሁሉንም አስልቼ ነበር።
ያላሰላሁት የማሪሙቱን እግር ነው፤
ጭነት ይዞ፣ ዳገት ላይ ቆሞ፣
ፍሪሲዮኑን ድንገት የሚለቅባትን
ያችን የዓይን ጥቅሻ፣
ሸክሙ እጥፍ ሆኖ የሚመጣባትን።

«አወፍሪው» አሉኝ። ማወፈር አይከብድም፤
ዳገት ግን ያወፈሩትን አይወድም።

ቬላዩዳም ጠመኔ አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘው፣
ያለ አንዳች ንግግር ቀስ ብሎ ጠመዘዘው።
ቀጥ ብሎ አልተቆረጠም፤ በሰያፍ ሄደ ስንጥቁ፣
እንደ ማማ ደረጃ እየዞረ መውደቁ።
«አየሽ? ከቆዳው ነው» አለኝ «የሚጀምረው፤
ልቡማ እስኪሰበር ወሬም አልነበረው።»

መሃል የተቀመጠ ሸክሙን አያውቅም፤
ይሸከሙታል እንጂ እሱ አይሸከምም።
ዳር ያለው ነው እንጂ ጥምዘዛን የሚችል...
ይህንን ኮረብታው ላይ፣ ቅርጫት በግንባራቸው ያዘሉት ሴቶች
ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።
እኔን አራት ዓመት ኮሌጅና አንድ ስብራት ፈጀብኝ።

መሃሉን አወጣሁት።
አሰፋሁት እንጂ አላወፈርሁትም፤
ቱቦ ሆነ፣ ግድግዳው ሁለት ሚሊ ተኩል።
ሁለት ብቻ ይበቃል ብዬ ነበር፤
ግን የሳሳ ቱቦ ሲጠመዝዙት
እንደ ባዶ ጣሳ ጭምድድ ይላል።
ርዝመቱም አመል አለው፦ ቁልቁለት ላይ ሲፈጥን
ልጆች እንደሚዘሉት ገመድ ወገቡ ይወዛወዛል።
ስለዚህ ከሁለት ከፈልሁት፣
መሃሉ ላይ ኩሽኔታ አቆምሁለት፣
የሚያርፍበት ትከሻ።

ብየዳው በቀዘቀዘ ማግስት፣ በቀጭን ብሩሽ
ቬላዩዳም ነጭ መስመር ሳበበት። «ይቺ ናት» አለኝ «ዳኛሽ።
ቀጥ ብላ ከመጣች፣ ዘንጉ ተመልሷል፤
ከተጠመጠመች ግን፣ ውሉን አፍርሷል።»

ማሪሙቱ ሲሚንቶ ጭኖ ወጣ።
ዘጠነኛው ኩርባ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመ፣
ሦስት ጊዜ እግሩን፣ ሆን ብሎ፣ እንደ ጅል ለቀቀው።
እኛ እታች ነበርን። ማንም ሻይ አላዘዘም።

ሲመለስ በጀርባዬ ተኝቼ ገባሁ፣ መብራት ይዤ።
ጭቃ ብቻ ነው የሚታየኝ።
ቬላዩዳም ከጎኔ ተንፏቆ፣
በአውራ ጣቱ ጠረገው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ቀስ እያለ።

ቀጥ ብላለች።
አልተጠመዘዘችም ማለት ግን አይደለም፤
እዚያ ላይ፣ እግሩ በለቀቀ ቍጥር፣
ዞራ ነበር፣ ሄዳ ነበር፣ ጥቂት፣
ከዚያ ተመልሳ ነው።
ስንት ጊዜ እንደሆነ ቀለሙ አይናገርም።

የማሪሙቱ ነጠላ ጫማ ከጎማው አጠገብ ቆሟል።
«ነገስ ስንት ኩንታል ልጫን?» ይላል ከላይ።
ያ የተጣመመው ዘንግ የጋራዡን በር ደግፎ
ዝናቡን እያስገባ ነው።
«ቆይ» አልሁት፣ «ቬላዩዳም፣
መብራቱን ጠጋ አድርገው፤
ብየዳውን አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው።»